በናፍጣ መኪናዎ ላይ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ቤተሰብ የሚያመላልስ ፕራዶ ወይም ሳንታፌ ያለው ሰው «ሲደክም እለውጠዋለሁ» ብሎ መተማመን አይችልም። ያለውን ጠብቆ ማቆየት ግድ ሆኗል። ብዙዎቻችን ግን ትርፍ ገንዘብ እጃችን ሲገባ ቀድመን የምናስበው ሪም፣ ፓውዛና የወንበር ልብስ ነው። የናፍጣ ሞተርን ያለ ዕድሜው የሚገድሉት ደግሞ የቆሸሸ ናፍጣ፣ አቧራ፣ ያረጀ ዘይትና የጎደለ የራዲያተር ውሃ ናቸው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ሞተሩ፣ ቀጥሎ ፍሬንና ጎማው፣ በመጨረሻ ማሳመሩ።

1. ናፍጣው ንጹሕ ነው?

«ኮመን ሬል» የሚባለው የዘመኑ የናፍጣ ሞተር ናፍጣውን ከ1,500 ባር በላይ ሊደርስ በሚችል ግፊት ወደ ኢንጀክተሮቹ ይልካል፤ የጎማዎ ግፊት 2 ባር ከምናምን ብቻ ነው። አብዛኞቹን ፓምፖች የሚያለሰልሳቸው ራሱ ናፍጣው ስለሆነ፣ ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ብረት ከብረት ይፋተጋል። የአንድ ፓምፕ ወጪ የብዙ ዓመት ፊልትሮ ይገዛል።

- በመንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ አይቅዱ። ወረፋው ቢያስመርርም ማደያ ይሻላል።
- የናፍጣ ፊልትሮው ከሥሩ ማፍሰሻ ካለው፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ላላ አድርገው ትንሽ ናፍጣ በጠርሙስ ይቅዱና ያሳርፉት። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል፤ በሁለቱ መካከል ጥርት ያለ መስመር ይታያል። መስመሩን ካዩ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ያፍስሱ።
- የፊልትሮ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ከበራ «እስከ ቅዳሜ ይቆይ» አይበሉ።
- ታንከሩ ከሩብ በታች አይውረድ። ናፍጣ ጨርሶ ከቆመ መስመሩ አየር ይስባል፤ አየሩ ካልወጣ ሞተሩ አይነሣም።
- በስህተት ቤንዚን ከተቀዳ ቁልፉን እንኳ አያዙሩ። ታንከሩ ተራግፎ ይጽዳ።

2. አየሩና ዘይቱስ?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። አቧራ የሞላው ፊልትሮ ከዚያችው ላይ ይቀንሳል፤ ሞተሩም ጉልበት አጥቶ ጥቁር ጭስ ይተፋል።

- የአየር ፊልትሮውን አውጥተው ወደ ብርሃን ያንሡት። ብርሃን ካላሳለፈ ይቀየር። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ካበራችም ይቀየር፤ በዚያች ቀዳዳ የገባ አቧራ ቱርቦውንና ሲሊንደሩን ይሞርዳል። ወረቀቱን በውሃ አይጠቡ።
- የሞተር ዘይት በተቀየረ ማግስት ቢጠቁር አይደንግጡ፤ ጥቀርሻውን መሰብሰብ ሥራው ነው። የሚቀየረው በቀለሙ ሳይሆን በኪሎ ሜትሩና በጊዜው ነው። መጨናነቅ፣ አቧራና አጭር ጉዞ ለሚበዛበት መኪና በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር ደግ ልማድ ነው።
- ጣሳው ላይ የኤፒአይ ምድቡን ያንብቡ። እንደ ሲአይ-4 እና ሲኬ-4 በ«ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ፣ በ«ኤስ» የሚጀምረው ለቤንዚን ነው።
- ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይጠቁማል። ሞተሩ ሞቆም የማይቆም ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም የራዲያተር ውሃ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ያስመርምሩ።

3. ራዲያተሩ ውስጥ ምን አለ?

በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የሞተር የዘወትር ሙቀትም ከዚያ አይርቅም። እንዳይፈላ የሚያደርጉት ኩላንቱና የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ናቸው። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ በትንሽ ገንዘብ ይቀይሩት፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። የቧንቧ ውሃ ብቻውን ዝገት ያመጣል። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ሲወጡ ሙቀቱ ከፍ ካለ ኤሲውን አጥፍተው ዳር ይያዙ፤ ክዳኑን ግን ሳይቀዘቅዝ አይክፈቱ። አንድ ጊዜ ክፉኛ የጋለ ሞተር ቴስታው ሊጣመም ይችላል።

4. የታይሚንግ ቺንጋው መቼ ተቀየረ?

ቺንጋ ያለው ሞተር እንደ ሞዴሉ በተወሰነለት ኪሎ ሜትር፣ ለምሳሌ በ100,000 ወይም በ150,000፣ ይቀየርለታል። ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ። መኪናውን ያገለገለ ገዝተውት መቼ እንደተቀየረ በወረቀት ካልተረጋገጠ፣ አልተቀየረም ብለው ይነሡ።

5. ይቆማል? ይይዛል? ይነሣል?

- ጎማ ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብቡ። 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢያምርም ዕድሜው የገፋ ጎማ አይመኑ።
- ረጅም ቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ። ፍሬን ላይ ብቻ ተደግፎ መውረድ ሸራውን ያግላል፤ የጋለ ሸራ አይይዝም።
- የናፍጣ ሞተር ሲነሣ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ጠዋት ሞተሪኖው ከዘገመ ባትሪውን፣ ሞተሩ ለመነሣት ካስቸገረ ደግሞ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን ያስለኩ።

6. አሁን ማሻሻያውን ይምረጡ

*ገንዘብ የሚገባቸው፦* የኋላ ካሜራ፣ በትክክል የታሰረ የልጅ ወንበር፣ እና በባለሙያ የሚገጠም ተጨማሪ የውሃ መለያ ፊልትሮ።

*ሁለት ጊዜ የሚታሰብባቸው፦* ለሃሎጅን በተሠራ የፊት መብራት ውስጥ የሚገባ ኤልኢዲ አምፖል ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል። ከልኩ የተለቀ ጎማ የፍጥነት ንባቡን ያዛባል። በወንበሩ ጎን ኤርባግ ካለ፣ ጎኑን የሚሸፍን ልብስ እንዳይከፈት ሊያግደው ይችላል። ሞተሩን በኮምፒውተር «ማጎልበት» ቱርቦውንና ፍሪሲዮኑን ከአቅማቸው በላይ ያሠራል።

*እምቢ የሚባለው፦* ጋራዥ ሄደው «ማጣሪያውን አውጥተን እንጣለው» ከተባሉ አይስማሙ። ከማርሚታው በፊት የተቀመጠው የጥቀርሻ ማጣሪያ፣ ዲፒኤፍ፣ የሚደፈነው በአብዛኛው በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ጥቀርሻውን ለማቃጠል የሚበቃ ሙቀት ስለማያገኝ ነው። መብራቱ ገና እንደበራ በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ግማሽ ሰዓት ያህል በተረጋጋ ፍጥነት መንዳት ብዙውን ጊዜ ያጸዳዋል። እንዲህ ላለው መኪና ዘይቱም አመድ የማያበዛው ዓይነት መሆን አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የናፍጣ ጭስን በ2012 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ልጆቻችንን ትምህርት ቤት በር ላይ አውርደን ያንን ጭስ መልቀቅ አይገባም።

ከመወሰንዎ በፊት

አንድ ደብተር መኪናው ውስጥ ያኑሩ። ዘይት፣ ሦስቱ ፊልትሮዎች (የዘይት፣ የአየርና የናፍጣ)፣ ኩላንት፣ ቺንጋ፣ የፍሬን ሸራና ጎማ የተቀየሩበትን ቀንና ኪሎ ሜትር ይጻፉ። መካኒኩ የቀየረውን አሮጌ ዕቃ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ ከሶማሌ ተራ የገዙትን መለዋወጫ ደረሰኝም አብረው ይያዙ። ማሻሻያ ሲያምርዎት ደብተሩን ይክፈቱ፤ ባዶ የቀረ መስመር ካለ የያዙት ገንዘብ የዚያ መስመር ነው።