የሱቅ ትርፍ ባሕር ተሻግሮ ሲረዳ

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ግሸን በሰው ትሞላለች። ከየአገሩ የመጣው ምእመን መስቀልኛ ቅርጽ ወዳለው አምባ ይወጣል። በዚያን ሰሞን በመንገዱ ዳር ጧፍ የሚሸጥ አለ። ቆሎ የሚቸረችር አለ። ሻይ የምታፈላም አለች። ሁሉም የሚሸጠው ለቤቱ ነው። ጨው ለመግዛት፣ ልጅ ለማስተማር፣ ግብር ለመክፈል ነው። ይህ ተገቢ ነው።

አንድ ሰው ግን ሱቅ ውስጥ ሲሸጥ ውሎ፣ ከትርፉ አንድ ሳንቲም ሳይነካ፣ አይቶት ለማያውቀው የሩቅ አገር ሰው ቢልክስ? «ይህማ የሞኝ ንግድ ነው» የሚል አይጠፋም። ሆኖም እንዲህ ያለ ሱቅ በእውነት አለ። እኛም ወሎዬዎች በክፉ ቀን ከእንዲህ ያለ ሱቅ በተገኘ ገንዘብ ተረድተናል። ስለዚህ አሠራሩን ማወቅ ይገባናል።

ሱቁ እንዴት ተጀመረ?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግሪክ የምትባለው አገር በጠላት ጦር ተይዛ ነበር። እንግሊዝና ጓደኞቿ ጠላትን ለማዳከም ብለው የባሕሩን መንገድ ዘጉ። እህል እንደ ልብ መግባት አልቻለም። ብዙ ሕዝብ በረሀብ አለቀ። በዚህ ያዘኑ የኦክስፎርድ ከተማ ሰዎች በ1935 ዓ.ም. ተሰብስበው አንድ የረሀብ ርዳታ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኦክስፎርድ በእንግሊዝ አገር ያለች ከተማ ናት። ኮሚቴው በኋላ ኦክስፋም ተባለ።

ሕዝቡ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ልብስና የቤት ዕቃም ይሰጥ ነበር። ዕቃው ሁሉ ግን ለችግረኛው አይሆነውም። ጭኖ ለመላክም ወጪው ብዙ ነው። ስለዚህ በ1940 ዓ.ም. እዚያው ኦክስፎርድ አንድ ሱቅ ተከፈተ። የተሰጠው ዕቃ እዚያው ይሸጣል፤ ገንዘቡ ለርዳታ ይውላል። ያ አንድ ሱቅ ዛሬ በእንግሊዝ አገር ወደ 500 የሚጠጉ ሱቆች ሆኗል።

ሱቁ የሚሠራው እንዴት ነው?

አንደኛ፣ አብዛኛው ዕቃ በስጦታ የተገኘ ነው። ልጁ ያደገበት ሰው የልጁን ልብስ ይሰጣል። መጽሐፉን አንብቦ የጨረሰም መጽሐፉን ያመጣል። ሁለተኛ፣ ከሻጮቹ ብዙዎቹ ደመወዝ የላቸውም። ጡረተኞችና ተማሪዎች በሳምንት ጥቂት ሰዓት በፈቃዳቸው ያገለግላሉ። ሦስተኛ፣ ገዢው ዕቃውን በርካሽ ያገኛል። በዚህ ዓይነት ሰጪው ቤቱን ያጸዳል፤ ገዢው ይጠቀማል፤ ችግረኛው ይረዳል።

አንድ አዛውንት ይህንን ሰምተው ባለሱቁን ጠየቁት እንበል።

«አንተ ልጅ፣ የሸጡት ሁሉ ነው የሚላከው?»

«የለም አባባ፣ ወጪ አለበት። በቀን 1,000 ብር ሸጡ እንበል። ለቤት ኪራይ፣ ለመብራት፣ ለማጓጓዣ፣ ለኃላፊው ደመወዝ 600 ብር ወጣ። የቀረው ስንት ነው?»

«400 ብር።»

«እሱ ነው ትርፉ። በወር 26 ቀን ቢሠሩ፣ 400 በ26 ሲባዛ 10,400 ብር ይሆናል።»

ሽያጭና ትርፍ ለየቅል ናቸው። የሽያጩን ብዛት ብቻ የሚነግራችሁን ሰው «ወጪውስ?» ብላችሁ ጠይቁት።

በ1977 ዓ.ም. ምን ሆነ?

በ1977 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረሀብ ያየ አይረሳውም። በጥቅምት ወር የእንግሊዝ ቴሌቪዥን፣ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በቆሬም የወደቀውን ሕዝብ ለዓለም አሳየ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው እጁን ዘረጋ። ኦክስፋምም ርዳታ ካቀረቡት ድርጅቶች አንዱ ነበር።

የታወቁ ዘፋኞችም ያለ ክፍያ ዘፍነው አንድ ሸክላ አወጡ። በእንግሊዝ አገር ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሸክላ ተሸጠ። የአገሩ መንግሥት በመጀመሪያ «የሽያጭ ግብሩን አልተውም» ብሎ ነበር። ሕዝቡ ሲያጉረመርም ግን በግብሩ ልክ ገንዘብ ለርዳታው ሰጠ። አንድ ሸክላ ዋጋው ትንሽ ነው። ሲደመር ግን የትየለሌ ሆነ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

መተማመን ከሌለ ሱቅ የለም

በ2010 ዓ.ም. አንድ ነገር ተሰማ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሄይቲ በምትባል አገር፣ አንዳንድ የኦክስፋም ሠራተኞች ነውረኛ ሥራ መሥራታቸው ታወቀ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የሚሰጡትን ገንዘብ አቋረጡ። ለመተማመን ረጅም ዘመን ይፈጃል፤ ለማፍረስ ግን አንድ ቀን ይበቃል። የሰው አደራ የያዘ ሁሉ ሂሳቡን በየጊዜው በግልጽ ማሳየት አለበት።

ርዳታ ነፍስ ያድናል፤ ጎተራ ግን አይሞላም። ስለዚህ ሌላ ዓይነት ንግድም አለ። ፍትሐዊ ንግድ ይባላል። ገዢው ለገበሬው ተገቢ ዋጋ ይከፍላል። ከዋጋው በላይም ለአካባቢ ልማት የሚውል ጭማሪ ይሰጣል። በጭማሪው ምን እንደሚሠራ የሚወስኑት ገበሬዎቹ ናቸው። በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በዚህ መንገድ ቡና ይሸጣል። በውጭ አገር ሱቅ የተሸጠ ቡና እዚህ ትምህርት ቤት ይሆናል፤ ጤና ጣቢያም ይሆናል።

እኛስ?

መረዳዳት ለእኛ አዲስ አይደለም። ቅሬ አለን። ወንፈል አለን። ሰው ሲሞትብን፣ ቤት ሲቃጠልብን ብቻችንን አንቆምም። የማኅበራችን ሱቅም ከትርፉ ጥቂት ለይቶ ቢያስቀምጥ፣ የምንጭ ማጎልበቻ ወይም የድሃ ልጅ ደብተር መግዣ ይሆናል። ሲጠነክርም በሌላ አገር ለተራበ ሰው ይተርፋል።

ነገር ግን ሦስት ነገር ያስፈልጋል። አባላቱ በጉባኤ ይወስኑ። ገቢና ወጪው በመዝገብ ይጻፍ። መዝገቡም በአባላቱ ፊት ይነበብ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው የተነገረውን ብቻ ይሰማ ነበር። እናንተ ግን አሁን ማንበብ ትችላላችሁ። «መዝገቡን ስጡኝ፣ ልየው» በሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሽያጭና ትርፍ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
2. አንድ ሱቅ 850 ብር ሸጦ 520 ብር ወጪ ቢኖርበት ትርፉ ስንት ነው?
3. በ2010 ዓ.ም. ሰዎች መስጠት ያቋረጡት ለምንድን ነው?
4. በአካባቢያችሁ ያለ ሱቅ ከትርፉ ለጋራ ሥራ ቢያወጣ፣ መጀመሪያ ምን ቢሠራ ትላላችሁ?