ድፎ ዳቦ በኮንቬክሽን ኦቨን

ባለፈው የእንቁጣጣሽ ዝግጅታችን ላይ የነበራችሁ ዳቦውን አትረሱትም። ከላይ ሲታይ ቆንጆ ጠይም ነበር። እንግዳችን የነበሩት አባት መርቀው ቢላዋውን ሲሰዱበት ግን ሊጥ ተለጥፎበት ወጣ። «ግድ የለም ልጆቼ፣ ዳር ዳሩን እንብላ» ብለው አለፉልን። የጋገርኩት እኔ ነበርኩና የምገባበት ጠፋኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያው ኦቨን ደጋግሜ ጋግሬ የገባኝን ልንገራችሁ።

አክስቴ በስልክ የነገረችኝ 350 ዲግሪ ፋራናይት ለአንድ ሰዓት ነበር። የእሷ ኦቨን ማራገቢያ የለውም፤ የእኔ አለው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ማራገቢያ በሌለው ኦቨን ውስጥ አየሩ የሚንቀሳቀሰው በዝግታ ነው። ከሊጡ የሚወጣው እርጥበት ቀዝቀዝ ካለ ስስ አየር ጋር ዙሪያውን እንደ ነጠላ ይሸፍነዋል። ማራገቢያው ይህን ነጠላ ይገፈዋል። ስለዚህ በዚያው ዲግሪ ሙቀቱ ወደ ሊጡ ገጽ ቶሎ ይደርሳል፤ ገጹም ቶሎ ይደርቃል፣ ይቀላል። ከገጹ ወደ መሀል ያለውን መንገድ ግን ማራገቢያው አያሳጥረውም። ኩኪስ ስስ ስለሆነ ይህ አይጎዳውም፤ እንዲያውም ሁለት ትሪ በአንድ ጊዜ ለመጋገር የሚመረጠው ይኸው ኦቨን ነው። አንድ ኪሎ ዱቄት የገባበት ድፎ ግን ወፍራም ነው። ላዩ ቀልቶ «ደርሻለሁ» ሲል መሀሉ ገና ሊጥ ነው። እኔም መልኩን አምኜ በ40 ደቂቃ አወጣሁት። በዚያ ላይ ቅርፊቱ ቀድሞ ስለሚጠነክር ሊጡ መነሻ ያጣና በጎን ይሰነጠቃል።

ኮባ ለሽታው ብቻ የሚደረግ ይመስለኝ ነበር። አገር ቤት ድፎ ከላይም ከታችም እሳት ሲነድበት ገጹ እንዳይደርቅ እርጥበቱን የሚይዝለት ኮባው ነው። እዚህ ደግሞ ከነፋሱ ይጋርደዋል። ኮባ የት ይገኛል ለምትሉ፣ የእስያና የላቲን አሜሪካ ሰዎች ሱቆች የሙዝ ቅጠል በረዶ ቤት ውስጥ ያስቀምጣሉ። በረዶውን አቅልጡና በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ ምድጃ ላይ ለቅጽበት አሳልፉት፣ ይለሰልሳል። እሱ ከሌለ ክዳን ያለው፣ እጀታው ጭምር ኦቨን የሚችል ወፍራም ድስት ይበቃል።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። በማራገቢያው 325 ዲግሪ፣ በሴልሺየስ 160 ገደማ፣ ላይ አደርገዋለሁ። (አንዳንድ ኦቨን ኮንቬክሽን ሲመረጥ ዲግሪውን ራሱ ይቀንሳል፤ ሁለቴ እንዳይቀነስ መመሪያውን እዩ።) ኦቨኑ በደንብ ከሞቀ በኋላ ኩፍ ያለውን ሊጥ በቅጠል እንደተሸፈነ መሀለኛው መደርደሪያ ላይ አስገባለሁ። የቅጠሉን ጫፎች ወደ ውስጥ ማጠፍ አትርሱ፤ ነፋሱ አንስቶ ከጋለው ብረት ጋር ካገናኘው ይቃጠላል። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ኦቨን ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ፤ ብረቱ ከዳቦው በጣም ቅርብ ነው። ለእሱ ሊጡን ለሁለት ከፍሎ ዝቅ ዝቅ አድርጎ መጋገር ይሻላል።

ለ40 ደቂቃ ያህል አልከፍተውም። ከዚያ የላዩን ቅጠል አንስቼ፣ ትሪውን አዙሬ፣ እስኪቀላ ሌላ 15 ደቂቃ እተወዋለሁ። ሰዓቱ እንደየኦቨኑ ይለያያል፤ እኔ የማምነው የምግብ ቴርሞሜትር ነው። መሀሉ ላይ ሲሰካ 200 ፋራናይት ካሳየ በስሏል። ሳይደርስ ላዩ ከጠቆረ ቅጠሉን መልሱበት። ከታች አንኳኩቶ ድምፁን መስማትም ያባት ነው፤ ግን ለዚያ የእናቶቻችን ጆሮ ያስፈልጋል፣ እኔ ገና አላገኘሁትም።

ከኦቨን እንደወጣ አትቁረጡት። በንጹህ ጨርቅ ሸፍናችሁ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አሳርፉት፤ ትኩስ ሲቆረጥ የበሰለውም ሊጥ ሊጥ ይላል። እኔ ዋዜማውን ማታ ጋግሬ አሳድረዋለሁ።

ለመጪው በዓል ሁለት ድፎ ያስፈልገናል። አንዱን እኔ እይዛለሁ። ሁለተኛውን የሚይዝ ሰው ካለ ቴርሞሜትሬን አውሰዋለሁ።