ያለ ሲም ካርድ መልእክት መላላክ፦ የሜሽታስቲክ መረብ አዘረጋግ

ሜሽታስቲክ እ.ኤ.አ. በ2020 የተጀመረ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ሎራ በተባለው አነስተኛ ኃይል የሚጠቀም የሬዲዮ ዘዴ አጫጭር ጽሑፎችን ያለ ሲም ካርድና ያለ ኢንተርኔት ያደርሳል። ሶፍትዌሩ የተጫነባቸው የሬዲዮ መሣሪያዎች (ቦርዶች) የሰሙትን መልእክት መልሰው ስለሚያሰራጩ ኮረብታ የጋረዳቸው ሁለት ሰዎች በሦስተኛ መሣሪያ ቅብብሎሽ ይገናኛሉ።

1. ፍሪኩዌንሲ ማጣራት። በአሜሪካ ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ፣ በአውሮፓ በአብዛኛው 868 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሠራበታል። በኢትዮጵያ የሚፈቀደው ከግዢ በፊት ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይጠየቃል። ለ433 ሜጋኸርዝ የተሠራ ቦርድ ሶፍትዌሩ ቢቀየርም ለ868 አይሆንም።

2. ቦርድ መምረጥ። ለሙከራ ሦስት ቦርዶች ይበቃሉ። ኢኤስፒ32 ቺፕ ያላቸው ርካሽ ቢሆኑም ባትሪ ቶሎ ይጨርሳሉ፤ በፀሐይ ኃይል ለሚሠራ ጣቢያ ኤንአርኤፍ52840 ያላቸው ይመረጣሉ።

3. አንቴና መግጠም። አንቴናው የሚገጠመው ቦርዱ ኤሌክትሪክ ከማግኘቱ በፊት ነው። አለበለዚያ ኃይሉ መውጫ አጥቶ ይመለስና ማሰራጫውን ሊያቃጥል ይችላል።

4. ሶፍትዌር መጫን። ቦርዱ ከኮምፒውተር ጋር የሚያያዘው ዳታ በሚያስተላልፍ የዩኤስቢ ገመድ ነው፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ አይሠራም። ከተጫነ በኋላ ቦርዱ በብሉቱዝ ከስልክ መተግበሪያው ጋር ይገናኛል። የፍሪኩዌንሲው አካባቢ (ሪጅን) በመተግበሪያው ካልተመረጠ ቦርዱ አያሰራጭም።

5. የግል ቻናል መክፈት። አብሮ የሚመጣው ቻናል ቁልፍ በሰው ሁሉ ዘንድ የታወቀ ስለሆነ ምስጢር አይጠብቅም። አዲስ ቻናል ከራሱ ቁልፍ ጋር ይከፈትና በኪውአር ኮድ ለሌሎቹ ይሰጣል።

6. መልእክት ማሳጠር። አንድ መልእክት የሚይዘው ወደ 200 ባይት ነው። አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ በአማርኛ ከ60 እስከ 70 ፊደል ብቻ ይገባል።

7. መሞከር። ሁለት ቦርዶች በቀጥታ በማይተያዩበት ቦታ ይቀመጡና ሦስተኛው ጣሪያ ወይም ኮረብታ ላይ ይሰቀላል። ሙከራው ለአንድ ተቀባይ በሚላክ የቀጥታ መልእክት ይደረጋል፤ በቡድን መልእክት ላይ የሚታየው ምልክት አንድ መሣሪያ ሰምቶ ማሳለፉን እንጂ ተቀባዩ ማግኘቱን አያረጋግጥም። መልእክቱ ሦስተኛው በርቶ ሳለ ደርሶ ሲጠፋ ካልደረሰ ቅብብሎሹ ሠርቷል ማለት ነው።

መልእክት በመደበኛው ቅንብር 3 ጊዜ፣ ቢበዛ 7 ጊዜ ይቀባበላል። ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ቻናሉን ያጨናንቃል፤ ርቀት ሲያጥር መፍትሔው አንቴናውን ከፍ አድርጎ መስቀል ነው።