ሰንበሌጥን በሜዳ ለይቶ ስለ ማወቅ

በድርቅ ምክንያት ከቀዬው ተነቅሎ ወደ ቆላ ለሚሄድ ቤተሰብ ከእህልና ከውሃ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ክረምት ሳይገባ የተከደነ ጣሪያ ነው። ቆርቆሮ በማይደርስበት ሥፍራ ይህን ጣሪያ የሚያስገኘው ሣር ስለሆነ፣ ለክዳን የሚሆነውን ከማይሆነው ሳይለዩ ሰውን ለአጨዳ ማሰማራት የብዙ ቀን ጉልበት ማባከን ነው።

ሰንበሌጥ የአፍሪካ አገር በቀል ሣር ሲሆን፣ በሙቀትና በዝናብ ወራት አድጎ በበጋ ይደርቃል፤ ሥሩ ግን ከዓመት ዓመት ይኖራል። በአማርኛ አንድ ስም ይሰጠው እንጂ፣ በሳይንስ ሂፓሬኒያ ከሚባለው ወገን ከአንድ በላይ የሆኑ ዝርያዎችን ያጠቃልላል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ሂፓሬኒያ ሩፋ በቆላ ሲመቸው ከ2 ሜትር በላይ ይረዝማል። በጭንጫና በደረቅ ተዳፋት ላይ የሚበቅለው ሂፓሬኒያ ሂርታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህም ከደጋ የመጣ ገበሬ ሰንበሌጥ አምጣ ቢባል፣ የሚያውቀውን አጭሩን ሣር ሲፈልግ ረጅሙን ሊያልፈው ይችላል።

ቁመት እንግዲህ ምልክት አይሆንም። እርግጠኛው ምልክት የሚገኘው በሣሩ ራስ ላይ ነው። አገዳው ወደ ጫፉ ሲቃረብ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ያወጣል፤ በእያንዳንዱም ጫፍ ጠባብ ጀልባ የመሰለች ቅጠል ትታያለች። ከዚህች አፎት ውስጥ ሁለት ትናንሽ ዛላዎች እንደ ባላ እንጨት መንታ ሆነው ይወጣሉ። በሂፓሬኒያ ሩፋ ዛላ ላይ ያለው ፀጉር ቀላ ያለ ቡናማ ሲሆን፣ የሂርታ ፀጉር ነጭ ነው። ከዛላው ላይ በገብስ እንደሚታየው ያለ ጺም ይወጣል፤ ጺሙም መካከሉ ላይ ታጥፎ የታችኛው ክፍሉ እንደ ገመድ የተገመደ ነው። የደረቀውን ጺም በራሰ መዳፍ ላይ ቢያኖሩት ግምዱ እየተፈታ ይዞራል፤ ዘሩ ወደ አፈር የሚገባውም በዚሁ እንቅስቃሴ እየታገዘ ነው። ሆኖም ይህ ጠባይ በሌሎች ሣሮችም ስለሚገኝ፣ መንታው ዛላ አብሮ ካልታየ ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

በሩቁ ከሰንበሌጥ ጋር የሚያሳስተው በተለይ የዝሆን ሣር ነው። የዝሆን ሣር አገዳው ወፍራም፣ ቅጠሉ ሰፊ፣ ራሱም የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የመሰለ አንድ ወጥ ዛላ ነው፤ ለአጥር ይጠቅማል፣ ለክዳን ግን አይመረጥም። ሙጃ ደግሞ በእርሻ ውስጥ የሚበቅል የአንድ ዓመት አረም በመሆኑ ሲጎትቱት ከነሥሩ በቀላሉ ይነቀላል። ለከብት መልካም መኖ ሲሆን፣ ለጣሪያ የሚሆን ጥንካሬ ግን የለውም።

ሣሩን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ወቅቱም መታወቅ አለበት። በእርጥቡ የታጨደ ሰንበሌጥ ጣሪያ ላይ ሆኖ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ክዳኑም ይላላል፤ ታፍኖ ከተከመረም ይሻግታል። አገዳው እስኪደርቅ ድረስ መጠበቅ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ በምዕራብ ቆላዎች ሣሩ እንደ ደረቀ የሰደድ እሳት ስለሚነሣ፣ ለአጨዳ የሚመቸው ጊዜ አጭር ነው። በኅዳር 1977 ዓ.ም. በተጀመረውና 600,000 ገደማ ሰዎችን፣ ብዙዎቹንም ያለ ፈቃዳቸው፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ባጓጓዘው ሠፈራ ሰው ወደ ጣቢያዎቹ የጎረፈው በዚሁ የሣር መድረቂያና የእሳት ወራት ነበር። የጉዞ ዕቅድ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት የመኪና ቁጥር እንደሚመዘግብ ሁሉ የአጨዳውንም ወር ቢመዘግብ፣ ሰው ከደረሰ በኋላ የሚሆነውን ሩጫ ይቀንሳል።

ቦታው አስቀድሞ ተቃጥሎ ከሆነ ራሱን አይቶ መለየት አይቻልም። ያን ጊዜ እሳት የማይደርስባቸውን የድንጋይ ጥጋጥጎችና የወንዝ ዳርቻዎች መፈተሽ፣ ከሁሉ በፊት ግን የአካባቢውን ነዋሪ መጠየቅ ያሻል። ጉሙዙ፣ በርታው ወይም አኙዋኩ ቤቱን የሚከድንበትን ሣርና የሚያጭድበትን ሥፍራ ያውቃል። የእርሱ የአጨዳ ቦታ ሳይፈቅድ እንዳይነካ ሠራተኛው አስቀድሞ ከሽማግሌዎቹ ጋር መነጋገር ይኖርበታል።