እኩዩን ሰው ስትጽፊ

ልጄ፣ የላክሽልኝን ረቂቅ ልቦለድ አንብቤ ጨረስኩ። ጀግናሽ ሕያው ናት፤ ስታለቅስ አብሬያት አዝኛለሁ። የቤት ደላላው ግን ገና ሰው አልሆነም። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ ጥርሱን እያፋጨ ስለሚመጣ አንባቢ ገና ሲያየው ያውቀዋል፤ ያወቀውን ደግሞ አይፈራውም። እንደገና ከመጻፍሽ በፊት እነዚህን አስቢባቸው።

1. ክፋቱን እሱ ራሱ ምን ብሎ እንደሚጠራው እወቂ። ጠዋት ተነስቶ ዛሬ ማንን ልበድል የሚል ሰው የለም ማለት ይቻላል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንደገና አንሺና ፊታውራሪ መሸሻን ተከታተያቸው። በባላገሩ ላይ ግዴታ ሲጨምሩ የዘረፉ አይመስላቸውም፤ ከአባት ከአያት የወረደ መብታቸውን ማስከበራቸው ነው። ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ዘር የለም እያሉ ቤት ሲያስቀሯትም ክብሯን የጠበቁላት ይመስላቸዋል። ልጃቸውን ይወዷታል፤ የሚጎዳትም ይኸው ነው። ፍቅሩንና ክፋቱን ለያይቼ ላውጣ ብትይ አይወጣልሽም። አበጀ በለው የሚመራቸው ገበሬዎች ፊታውራሪውን ሲማርኳቸው ፍርዴ ከገበሬው ጋር ነው፤ ሽማግሌው ግን አንጀቴን ይበሉታል። አንባቢን እንዲህ ከሁለት የሚከፍል ሰው መፍጠር ከባድ ነው፤ የምመኝልሽም እሱን ነው።

2. ምክንያት ስጪው፣ ጠበቃ ግን አትሁኚለት። ደላላሽ በልጅነቱ ተርቧል ብለሽ ሁለት ምዕራፍ ሰጥተሽዋል። ተርቦ አድጎ ደግ የሆነ ስንት ሰው አለ! የሚያስፈልግሽ ሌላ መንገድ ተከፍቶለት ሳለ ዓይኑ እያየ የሚያልፍበት ሰዓት ነው። ማንበብ የማይችሉት አሮጊት የኪራይ ውል መስሏቸው በሽያጭ ውሉ ላይ አሻራቸውን ሊያሳርፉ ሲሉ፣ «ልጄ፣ ምን ይላል?» ብለው ይጠይቁት። ሊነግራቸው ይችላል፤ የሚያስቸኩለውም ነገር የለም። ቀለሙን አስጠግቶ «ያው የተነጋገርነው ነው፣ እማማ» ይበላቸው። ይህች ገጽ ከሁለቱ ምዕራፍ ትበልጣለች።

3. የሚታመን ይሁን። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን የሼክስፒርን «ኦቴሎ» ታውቂዋለሽ። ኢያጎን አስፈሪ ያደረገው ሰይፉ አይደለም፤ ሁሉም ታማኝ ሰው ማለታቸው ነው። ስለ ኦቴሎ ሚስት የፈጠረውን ወሬ በሆዱ ይዞ ያቅማማል፤ ኦቴሎ ራሱ ንገረኝ እያለ እስኪለምነው ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ለማጥፋት አንዲት መሐረብ ትበቃዋለች። የአንቺም ደላላ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ለመትከል ቀድሞ የሚደርስ፣ የእድር መዋጮ የማያጓድል ሰው ይሁን፤ አሮጊቷ እንዴት አመኑት ብዬ እንዳልጠይቅሽ።

4. ጀግናሽና እሱ አንድ ነገር ይፈልጉ። ሁለቱም ያንኑ ቤት ከፈለጉ ጠቡ ራሱ ይመጣል።

5. አታስለፍልፊው። በረቂቅሽ ደላላው ከተያዘ በኋላ ተንኮሉን ሁሉ በሦስት ገጽ ይተርካል፤ ሰርዢው። ኢያጎ ለምን እንዳደረገው ሲጠየቅ አፉን ይዘጋል፤ ከአራት መቶ ዓመት በኋላም ሰው በምክንያቱ ይከራከራል።

6. ታሪኩን ከጓደኞችሽ ጋር፣ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ በሚጫወትበት ጨዋታ ልትሞክሪው ማሰብሽ ደስ ብሎኛል። በ1974 እ.ኤ.አ. «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ከወጣ ወዲህ ይህ ጨዋታ ብዙ ታሪክ ነጋሪ አፍርቷል። እዚያ ግን ታሪኩ ባንቺ እጅ ብቻ አይደለም። ተጫዋቾቹ የደላላውን ንግግር ያቋርጣሉ፤ ባላሰብሽው ሰዓት ይገድሉታል፤ አንዳንዴም ይታረቁታል። ስለዚህ የሚናገረውን አትጻፊለት። ምን እንደሚፈልግ፣ በማን እጅ እንደሚሠራና ማንም ካላስቆመው ነገ ምን እንደሚያደርግ ብቻ ጽፈሽ ያዢ። ጓደኞችሽ በሌላ ጉዳይ ሲዘገዩ እሱ አይጠብቃቸው። ሲመለሱ ቤቱ ተሽጦ ያግኙት፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚያደርጉ ለእነሱ ተይላቸው።