ከወለድ ነፃ ባንክ ለሚፈተኑ፦ ሂሳቡ አንድ፣ ውሉ ሁለት

ባንክ የሥራ ማስታወቂያ ሲያወጣ አመልካቹ ብዙ፣ ቦታው ጥቂት ነው። ማስታወቂያውን ያወጣው ከወለድ ነፃ ባንክ ሲሆን ደግሞ ተፈታኙን አንድ ተጨማሪ ሸክም ይጠብቀዋል። ከእንግሊዝኛው፣ ከሂሳቡና ከጠቅላላ ዕውቀቱ ጎን ስለ እስልምና የንግድ ሕግ ሊጠየቅ ይችላል። ብዙው ተፈታኝ ታዲያ የአገሮችን ዋና ከተማና የአዋጆችን ቁጥር ሲሸመድድ ሰንብቶ፣ አንድ የውል ጥያቄ ፊት ሲቀርብለት እስክሪብቶው ይቆምበታል።

ጉዳዩ ሥራ ፈላጊውን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ዛሬ ለፈተና የሚቀመጠው ወጣት ነገ ከመስኮቱ ወዲያ ተቀምጦ የነጋዴውን ፕሮፎርማ የሚቀበል፣ ውሉን የሚያስፈርም ሰው ነው። እርሱ የፊርማዎቹን ቅደም ተከተል ካዛባ፣ ኪሳራው ነጋዴው ደጃፍ ሊያርፍ ይችላል። በመሆኑም ልጁን ለፈተና የሚልክ ነጋዴም ሆነ ከባንኩ ዕቃ ለመግዛት ያሰበ ባለሀብት ትምህርቱን አብሮ ቢማር አይጎዳም።

ጠቅላላ ዕውቀት፦ ዓመቱን ከምክንያቱ ጋር

የፈተናው ይዘት ከባንክ ባንክ፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል። ይሁን እንጂ የአገሪቱን የባንክ ታሪክ የማያውቅ ተፈታኝ የትም ቢሄድ ይቸገራል። ታሪኩ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ስምምነት አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። በ1956 ዓ.ም. የቀድሞው የመንግሥት ባንክ ሥራ ለሁለት ተከፍሎ፣ ብሔራዊ ባንክ ተቆጣጣሪ፣ ንግድ ባንክ ደግሞ ነጋዴ ሆኑ። በ1967 ዓ.ም. የግል ባንኮች ተወረሱ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 84 በሩን ለኢትዮጵያውያን የግል ባለሀብቶች መልሶ ከፈተ።

ከቅርብ ዓመታትም የሚታወሱ አሉ። በ2013 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን አነስተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አደረገ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን የባንክ ሥራ አዋጅ አጸደቀ።

ከወለድ ነፃ ባንክን በሚመለከት ግን ብዙዎችን የምታሳስት አንዲት ዓመት አለች፤ 2011። ብሔራዊ ባንክ መደበኛ ባንኮች በተለየ መስኮት ከወለድ ነፃ አገልግሎት እንዲሰጡ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ እንዲቋቋም የሚፈቅደው መመሪያ የወጣው ደግሞ በ2011 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ዘመኑ ሁለት፤ በመካከሉ ስምንት ዓመት አለ። በሁለተኛው መመሪያ መሠረት ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮች በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ፤ ራሚስና ሸበሌም ተከተሉ። ጥያቄው "መስኮት" ይላል ወይስ "ሙሉ ባንክ"፣ አቆጣጠሩስ የማን ነው ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ከውጭው ዓለም ደግሞ ጥቂት መለያዎችን መያዝ ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ1963 በግብፅ ሚት ጋምር ከተማ የተጀመረው የቁጠባ ተቋም የዘመናዊው ከወለድ ነፃ ባንክ ፈር ቀዳጅ ተብሎ ይጠቀሳል። መቀመጫው ጅዳ የሆነው የእስላማዊ ልማት ባንክ እና የዱባይ እስላማዊ ባንክ ሁለቱም ሥራ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። የሂሳብ፣ የኦዲትና የሸሪዓ ደረጃዎችን የሚያወጣው፣ በምህጻሩ አዮፊ የሚባለው ተቋም ዋና መሥሪያ ቤት ባህሬን ነው።

እስላማዊ ዕውቀት፦ የውል ዕውቀት ነው

ቁርኣን የቀራ ተፈታኝ ይህ ክፍል የራሱ እንደሆነ አድርጎ ይዘናጋል። ሙስሊም ያልሆነው ደግሞ ገና ሳያነበው ተስፋ ይቆርጣል። ሁለቱም ይሳሳታሉ። የአል-በቀራ ምዕራፍ 275ኛ አንቀጽ ንግድን ፈቅዶ ሪባን፣ ማለትም ወለድን፣ እንደሚከለክል ማወቅ መነሻ ነው። ለባንክ ሥራ የሚፈለገው ግን ከዚያ የሚቀጥለው ነው፤ ንግዱ ከወለዱ በምን ይለያል? ይህ ደግሞ ለተማረው ሁሉ ክፍት የሆነ የውል ዕውቀት ነው።

ቃላቱ ብዙ አይደሉም። ሙራባሃ ባንኩ ዕቃ ገዝቶ፣ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን አሳውቆ የሚሸጥበት ነው። ኢጃራ ኪራይ ነው። ሰለም ዋጋው ዛሬ ሙሉ በሙሉ ተከፍሎ ምርቱ በኋላ የሚረከቡበት ሽያጭ ሲሆን፣ ለእህልና ለቡና ዓይነት ምርት ይስማማል። ኢስቲስናእ በትዕዛዝ የሚሠራ ዕቃ ወይም ግንባታ ነው። ሙዳረባ የአንዱ ገንዘብ ከሌላው ሥራ የሚጋባበት፣ ሙሻረካ ሁለቱም ገንዘብ የሚያዋጡበት ሽርክና ነው። ቀርድ ሐሰን ያለ ጥቅም የሚሰጥ ብድር ነው። ገረር የሚባለው ደግሞ ውልን የሚያበላሽ ከልክ ያለፈ አሻሚነት ነው፤ ገና ያልተያዘን የባሕር ዓሣ መሸጥ የተለመደው ምሳሌ ነው።

ወሳኙ ጥያቄ

ለአብነት አንድ የቆርቆሮ ነጋዴ የ2,000,000 ብር ዕቃ ፈለገ እንበል። መደበኛ ባንክ በዓመት 18 በመቶ ወለድ አበድሮት፣ ዋናውን በየወሩ 200,000 ብር እየመለሰ በ10 ወር ሊጨርስ ተስማማ። ወለዱ በወር 1.5 በመቶ በቀሪው ዕዳ ላይ ይታሰባል። ቀሪው በመጀመሪያው ወር 2,000,000፣ በሁለተኛው 1,800,000፣ እንዲህ እያለ በመጨረሻው ወር 200,000 ነው። የአሥሩ ወራት ቀሪ ሲደመር 11,000,000 ይሆናል። የዚህ 1.5 በመቶ 165,000 ብር ነው።

ከወለድ ነፃ ባንክ ደግሞ ያንኑ ቆርቆሮ በ2,000,000 ብር ገዝቶ በ2,165,000 ብር ይሸጥለታል፤ ክፍያውም በየወሩ 216,500 ብር ሆኖ በ10 ወር ያልቃል። ትርፉም 165,000 ብር ነው።

"ታዲያ ልዩነቱ ምንድነው?" የሚለው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። "ወለድ ሐራም ስለሆነ" ብሎ ማለፍ መልስ አይሆንም። "ምንም ልዩነት የለውም፣ ስሙን ነው የቀየሩት" ማለትም መልስ አይደለም። ትክክለኛው መልስ አደጋው ማን ትከሻ ላይ እንዳለ ያሳያል።

አንደኛ፣ ባንኩ ዕቃውን ከሻጩ ገዝቶ ለነጋዴው እስኪሸጥ ድረስ ቆርቆሮው የባንኩ ነው። መጋዘኑ በዚያ መሐል ቢቃጠል የተቃጠለው የባንኩ ንብረት ነው፤ ነጋዴው ዕዳ የለበትም። በብድሩ ግን ገንዘቡ ከእጁ ከገባ ጀምሮ ዕቃው ቢቃጠልም ዕዳው አይቃጠልም። ሁለተኛ፣ የሽያጩ ዋጋ አንዴ ከተቆረጠ አይንቀሳቀስም። ነጋዴው ሦስት ወር ቢዘገይ ብድሩ ወለድ ይወልዳል፤ 2,165,000 ብሩ ግን ያው 2,165,000 ነው። በአዮፊ ደረጃ መሠረት መክፈል እየቻለ ያዘገየ ደንበኛ አስቀድሞ በገባው ግዴታ ገንዘብ ቢከፍል እንኳ ለበጎ አድራጎት ይውላል እንጂ የባንኩ ገቢ አይሆንም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ቅደም ተከተሉ ሲጠበቅ ነው። ነጋዴው ፕሮፎርማ አቅርቦ እገዛለሁ ብሎ ቃል ይገባል። ባንኩ ከአቅራቢው ይገዛል። ዕቃው በባንኩ ይዞታ ሥር ይገባል። ከዚያ በኋላ የሽያጩ ውል ይፈረማል። በመጨረሻም ርክክብና ክፍያ ይቀጥላል። ሥራ ለማፋጠን ተብሎ ባንኩ ዕቃውን ሳይዝ የሽያጩ ውል አስቀድሞ ከተፈረመ፣ ባንኩ የሌለውን ሸጧል፤ በሸሪዓው ደረጃ ውሉ አይጸናም። መጋዘኑ በዚያ ሳምንት ቢቃጠል ነጋዴው የያዘው ወረቀት ከብድር ወረቀት አይሻልም።

ተፈታኙ ከዚሁ ምሳሌ አንድ የሂሳብ ትምህርትም ያገኛል። 165,000 ብር የ2,000,000 ብር 8.25 በመቶ ነውና ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን ነጋዴው በአማካይ የሚጠቀመው በ1,100,000 ብር ብቻ ስለሆነ ትርፉ በዓመት ሲሰላ 18 በመቶ ነው። "ከወለድ ነፃ" ማለት "ከዋጋ ነፃ" ማለት አይደለም።

ትርፍና ኪሳራ ሲካፈሉ

በሙሻረካ ባንኩ 600,000፣ ነጋዴው 400,000 ብር አዋጡ እንበል። ነጋዴው ሥራውን ስለሚሠራ ትርፉን እኩል ለእኩል ሊካፈሉ መስማማት ይችላሉ። 100,000 ብር ቢከስሩ ግን ስምምነት አያስፈልግም፤ ኪሳራ በመዋጮ ልክ ነው፣ ባንኩ 60,000፣ ነጋዴው 40,000 ይሸከማሉ።

በሙዳረባ ቁጠባ ደግሞ ደንበኛው 60፣ ባንኩ 40 በመቶ ሊካፈሉ ተስማምተው በደንበኛው ገንዘብ 9,000 ብር ትርፍ ቢገኝ፣ ደንበኛው 5,400፣ ባንኩ 3,600 ብር ይወስዳሉ። መቶኛው የሚታሰበው ከትርፉ እንጂ ከተቀመጠው ገንዘብ አይደለም። "ካስቀመጡት ላይ በዓመት ይህን ያህል እንሰጣለን" የሚል ቁርጥ ተስፋ በፈተናው ላይ ቢቀርብ መልሱ "ይህ ወለድ ነው" የሚል ነው።

ዘካ፦ የነጋዴው ሂሳብ

የንግድ ዕቃ ዘካ የሚወጣው ሀብቱ ኒሷብ ሲሞላ፣ ማለትም የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ሲደርስና አንድ የጨረቃ ዓመት ሲያልፍበት ነው፤ ልኩም 2.5 በመቶ ነው። አንድ ባለሱቅ በገበያ ዋጋ የ1,200,000 ብር ዕቃ፣ 300,000 ብር ጥሬ ገንዘብ፣ ይከፈለኛል ብሎ የሚተማመንበት 200,000 ብር ዱቤ እና መክፈያው የደረሰ 500,000 ብር ዕዳ ቢኖርበት፣ ቀሪው 1,200,000 ብር፣ ዘካው 30,000 ብር ይሆናል። መደርደሪያው፣ ሚዛኑና ሱቁ ለሽያጭ ስላልቀረቡ አይቆጠሩም። ዕዳን በመቀነስ ላይ የፊቅህ ሊቃውንት ስለሚለያዩ ተፈታኙ ጥያቄው ምን እንዳለ ማንበብ አለበት።

የአራት ሳምንት ዝግጅት

ጊዜ ያለው ተፈታኝ በመጀመሪያው ሳምንት የባንክ ታሪኩንና የቅርብ ጊዜ መመሪያዎቹን ይያዝ፤ ለእያንዳንዱ ዓመት "ለምን?" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። በሁለተኛው የውል ዓይነቶቹን አንድ በአንድ ይዞ "ዕቃው የማን ነው? ዋጋው መቼ ይቆረጣል? ኪሳራው ማን ላይ ይወድቃል?" ብሎ ይጠይቅ። በሦስተኛው ሂሳቡን ያለ መሣሪያ እስከሚለምደው ይሥራ። በአራተኛው ሰዓት ይዞ ራሱን ይፈትን፤ ማታ ማታም የተማረውን ለማያውቅ ሰው በአማርኛ ያስረዳ። "የፈተናው ወረቀት አለኝ" ለሚል ሰው የሚከፈል ብር ግን የባከነ ብር ነው፤ የተሰረቀ መልስ መስኮቱ ፊት ለሚቆም ደንበኛ አያገለግልም።

ነጋዴውም በበኩሉ የራሱ ፈተና አለበት። ለሙራባሃ ሲሄድ ከመፈረሙ በፊት ባለሙያውን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ "ዕቃው በዚህ ሰዓት የማን ነው?" መልሱ "የባንኩ ነው፣ ማስረጃውም ይኸው" ከሆነ ይፈርም። "እሱን በኋላ እናስተካክላለን" ከተባለ ግን እስክሪብቶውን መልሶ ኪሱ ይክተት።