ጉጠቱ ከፌሮ፣ መሮው ከባሌስትራ

ጥያቄ፦ ቱም ነው የምኖረው። ቢላና የምንጣሮ ገጀራ መቀጥቀጥ ጀምሬያለሁ። ወናፍና መዶሻ አለኝ፤ ሌላውን መሣሪያ ራሴ ልሠራው እችላለሁ?

መልስ፦ እንዴታ! ከጉጠት ይጀምሩ። ባለ 12 ሚሊሜትር ፌሮ ይበቃል፤ ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ ስለት ባይዝም ለጉጠት ልስላሴው ይጠቅማል። ሲግል ውኃ ውስጥ አይንከሩት።

መሮና መብሻ ግን ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ይሁኑ፤ ሚዛን ወይም ቴፒ ጋራዦችን ይጠይቁ። ጫፉን ማግኔት እስከማይስበው ድረስ ያግሉት (770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ነው)፣ ትንሽ ጨምረውለት ዘይት ውስጥ ይንከሩት። እንዲሁ ከተዉት በመጀመሪያው ምት ይሸረፋል። ስለዚህ በአሸዋ ወረቀት አጽድተው ከጀርባው በኩል ቀስ ብለው ያሙቁት፤ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ቀለም ወደ ጫፉ ይሄዳል። ጫፉ ወይን ጠጅ ሲመስል ወዲያው ያቀዝቅዙት።

መስፍ ለመግዛት አይቸኩሉ፤ ግንድ ላይ የተተከለ ወፍራም ብረት ይበቃል። ዚንክ የተለበጠ ቧንቧ ግን እሳት ውስጥ አያስገቡ፤ ጭሱ መርዝ ነው።